የአንድ ሰው ድንኳንና የጂዛን ተራሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዓምድ ስለ አጽዋማት፣ ስለ በዓላትና ስለ አብነት ትምህርት ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ተጣጥፎ በጀርባ ስለሚታዘል፣ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያስተኛ ቀላል ድንኳን ነው። የዕቃ ነገር ለገዳም መልእክት የሚገባ መስሎ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዕቃ ምክንያት የተጠየቅነው ጥያቄ የሰው ነፍስ ያለበት ነውና ዝም ልንለው አልወደድንም።

ጥያቄው ከሁለት ወገን የመጣ ነው። የመጀመሪያው ከተሳላሚዎች ነው፤ «ለንግሥ ስንመጣ የግል ድንኳን ይዘን ብንመጣና ከሕዝቡ ጋር በእንግዳ ማረፊያው ባናድር ነውር ይሆንብናልን? ምን ዐይነት ድንኳንስ እንያዝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከወጣቶች ነው። ወደ ዐረብ አገር በእግር ለመሻገር ቆርጠው፣ ከመሄዳቸው በፊት ጠበል ሊጠመቁና በረከት ሊቀበሉ ወደ ገዳም የሚመጡ አሉ። ከእነርሱም መካከል «በጂዛን በኩል ተራራውን ስንሻገር የምናድርበት ቀላል ድንኳን ብንይዝ ይጠቅመናልን?» የሚሉ አልጠፉም። የሁለቱ ጥያቄ መልስ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ አብረን እናየዋለን።

ድንኳን በአገራችን ሰው ዘንድ የብዙ ሰው ነገር ነው። ሰርግ ሲሆን ይተከላል፤ ኀዘን ሲሆን የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ይተከላል። ደስታም መከራም ወደ ድንኳኑ ሲገባ የጎረቤት ይሆናል። በግእዝ ድንኳን ደብተራ ይባላል። ደብተራ ኦሪት ስንል ሙሴ በምድረ በዳ ያቆማትን፣ ዐሥራ ሁለቱ ነገድ በአራቱ ማዕዘን ከብበዋት የሚሰፍሩባትን ድንኳን ማለታችን ነው። የቤተ ክርስቲያን ማኅሌታይ ደብተራ መባሉም ከዚሁ ቃል ነው። ሌላው የግእዝ ስም ኀይመት ነው፤ ከጂዛን የተመለሱ ልጆቻችን ድንኳኑን በዐረብኛ ኸይማ ሲሉት ለአብነት ተማሪው ጆሮ እንግዳ አይሆንበትም። ዳሱ ደግሞ መጸለት ይባላል፤ ጥላ የሚሰጥ ማለት ነው። እስራኤል በዓለ መጸለትን ሲያከብሩ ሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ እንዲቀመጡ የታዘዙት፣ ከግብፅ የወጡ ዕለት ቤት የሌላቸው መንገደኞች እንደ ነበሩ ልጆቻቸው እንዳይረሱ ነው። እንግዲህ ድንኳን ለባለቤቱ መጠለያ፣ ለሚያየው ደግሞ ማስታወሻ ነው።

ስለ አንድ ሰው ድንኳንም በወንጌል የምናገኘው ነገር አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ በደብረ ታቦር የጌታን ክብር ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ ሊሠራ ወደደ፤ አንዱን ለጌታ፣ አንዱን ለሙሴ፣ አንዱን ለኤልያስ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አድርጎ ቆጠረ፤ ለራሱና ለሁለቱ ባልንጀሮቹ አላሰበም። ንግግሩ ሳያልቅ ግን ደመናው ወርዶ በተራራው የነበሩትን በአንድነት ሸፈናቸው። እርሱ ሦስት ድንኳን ሲያስብ ከሰማይ የተሰጠው አንድ ድንኳን ነበረ። አንድም፣ የለየውን ሰው ደመናው አገናኘው ያሰኛል። አንድም፣ ለራሱ ያልጠየቀው ሐዋርያ ከጥላው አልተከለከለም ያሰኛል።

ይህን ስንል የአንድ ሰው መጠለያ ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። የደጋ እረኛ ከሣር ወይም ከፊላ የተጎነጎነ ገሳ አለው፤ ዝናብ ሲመጣ ገሳውን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሲያባራ ጀርባው ላይ ጥሎት ከብቶቹን ይከተላል። የአብነት ተማሪ ደበሎ ለብሶ አኵፋዳውን አንግቶ ይሄዳል፤ ከደረሰበት ጉባኤ ቤት አጠገብ ጠባብ ጎጆ ይቀልሳል። መናኝ በአት አለው። ሦስቱም ለአንድ ሰው የተበጁ ናቸው። ነገር ግን እረኛው ከመንደሩ ጥሪ አይርቅም፤ ተማሪው ከመምህሩ ድምፅ አይርቅም፤ መናኙ ከማኅበሩ ጸሎት አይለይም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። በጀርባ የሚታዘለው የአንድ ሰው ድንኳን ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ነው፤ እጅግ ውድ የሆኑት ከ1 ኪሎ ግራም በታች ይመዝናሉ። ጨርቁ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ምሰሶዎቹ ተገጣጣሚ የአሉሚኒየም ዘንጎች ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ የራሱ ምሰሶ የለውም፤ መንገደኛው ቀን በሚመረኮዘው በትር ይቆማል። ናይለን ሲረጥብ ስለሚላላ፣ ዝናብ ከጀመረ በኋላ አውታሩን ዳግመኛ መሳብ ያስፈልጋል፤ ፖሊስተር በዚህ ይሻላል። ሁለቱንም ፀሐይ ያደክማቸዋል፤ ስለዚህ ድንኳንን ቀኑን ሙሉ ተክሎ መተው ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ጥሩ ድንኳን ሁለት ልብስ አለው። የውስጠኛው እንደ ወንፊት የሳሳ መረብ ነው፤ አየር ያስገባል፣ ትንኝና ጊንጥ ይከለክላል። የውጪው ዝናብ የማያሳልፍ ነው። ውኃ የመቋቋም አቅሙ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ 1,500 ሚሊ ሜትር የተባለው የዚያን ያህል ቁመት ያለው ውኃ ቢቆምበት የማያሳልፍ ነው፤ ለዝናብም ይበቃል። በሁለቱ ልብሶች መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ምክንያቱ የሰው እስትንፋስ ነው። የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በእስትንፋሱና በላቡ እርጥበት ያወጣል፤ እርጥበቱ ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውኃ ተለውጦ ይንጠባጠባል። ድንኳኑ ሁለት ልብስ ካለው ጠብታው በውጪው ጨርቅ ላይ ወርዶ ከመኝታው ውጭ ይቀራል። አንድ ልብስ ብቻ ከሆነና አየር ማስገቢያ ከሌለው ግን ዝናብ ሳይዘንብ ሰውየው በገዛ እስትንፋሱ ርሶ ያድራል። ስለዚህ የድንኳን ጥበቡ መዝጋቱ ብቻ ሳይሆን በልክ መክፈቱም ነው።

ከድንኳኑም በላይ የሚተከልበት ቦታ ይበልጣል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚጠብቁት ሕግ አራት ነው። አንደኛ፣ ድንኳን ከወንዝና ከደረቅ ሸለቆ ርቆ ከፍ ባለ ስፍራ ይተከላል፤ ጎርፍ የሚመጣው በራስ ላይ ከዘነበው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ተራራ ላይ ከዘነበውም ነውና። ሁለተኛ፣ ድንጋይ ከሚናድበት ገደል ሥርና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይተከልም። ሦስተኛ፣ ነፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዉለታል። አራተኛ፣ ተጓዡ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል። የአንዳንድ ድንኳኖች ቀለም ቀይ ወይም ብጫ የሚሆነውም ባለቤቱ ቢታመም ወይም ቢጠፋ ፈላጊ ከሩቅ እንዲያየው ነው። እነዚህን አራት ሕጎች ልብ በሉልን፤ ወደ ጂዛን ስንደርስ እንመለስባቸዋለንና።

ጂዛን በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለ ግዛት ነው። በምዕራብ ቀይ ባሕር፣ በደቡብና በምሥራቅ የመን ያዋስኑታል። የባሕሩ ዳርቻ ቲሃማ የሚባለው ሜዳ ነው፤ በእኛ የክረምት ወራት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅም ያፍናል። የቀደሙት የቲሃማ ሰዎች ይሠሩት የነበረው ክብ የሣር ቤት ለኢትዮጵያዊ ዐይን የራሱን ጎጆ ይመስለዋል። ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ተራሮቹ ይነሣሉ፤ ፈይፋ፣ ዳየርና ዓሪዳ የሚባሉት የድንበር ወረዳዎች በዚያ ናቸው። ተራሮቹ እርከን በእርከን የታረሱ ናቸው፤ በእርከኑም ላይ ቡና ይለማል። ኸውላኒ የሚባለው የዚህ ቡና የአተካከልና የአዘገጃጀት ጥበብ በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተመዝግቧል። የቡና ጥንተ አገሩ የእኛ ምድር መሆኑን ስናስብ፣ ባሕሩ ሁለቱን አገሮች ከመለየቱ ይልቅ ማገናኘቱ ይበልጣል።

በዚሁ ግዛት በሰሜን ምሥራቅ፣ በረይስ ወረዳ፣ ዋዲ ላጀብ የሚባል እጅግ ጠባብ የገደል ሸለቆ አለ። ውኃና ልምላሜ ስላለው የአገሩ ሰዎችና የውጭ እንግዶች ለእግር ጉዞ ይሄዱበታል። ድንኳኑን አዝሎ በተራራው ላይ አድሮ የፈጣሪን ሥራ አድንቆ የሚመለስ ሰው አለ። ይህን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም፤ ነቢዩ ዳዊትም ከበጎች ኋላ በሜዳ አድሮ ያየውን ሰማይ በመዝሙሩ አመስግኖበታል። የዚያ አገር ተጓዥም አራቱን ሕጎች ያውቃል፤ ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ ከሸለቆው ይወጣል፤ መኪናው በመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ቤተሰቡ የት እንዳለ ያውቃሉ።

በዚያው የተራራ ሰንሰለት፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ደግሞ የእኛ ልጆች ያድራሉ። ከወሎና ከራያ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከጅማ ተነሥተው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲው ኦቦክ፣ ወይም በሶማሌ በኩል ወደ ቦሳሶ ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያም የጦርነት ምድር አቋርጠው እስከ ሰዓዳ ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ብቻ ወደ የመን የገቡትን ስደተኞች ከ138,000 በላይ ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ክርስቲያንም ሙስሊምም አሉባቸው፤ መከራው ግን ሃይማኖት አይጠይቅም። በሰዓዳ የድንበር ሸለቆዎች ደላላ እስኪያሻግራቸው ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያሉ። እዚያ ድንኳናቸው በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራና ላስቲክ ነው። መሻገር ሲጀምሩ ያም ይቀራል፤ በትከሻ ላይ የሚጣል አንድ ቁራጭ ላስቲክ ከተገኘ እርሱ የአንድ ሰው ድንኳን ይሆናል።

ላስቲክ አንድ ልብስ ብቻ ያለው ድንኳን ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ሌሊት በተራራው ብርድ እስትንፋስ ይጠራቀምበትና የተኛውን ያረጥበዋል። ሲነፍስ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፁም ይሰማል። ነገር ግን የላስቲኩ ጉድለት ከመከራው ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ መከራ ሰውየው መደበቅ ያለበት መሆኑ ነው። አራቱን ሕጎች በዚህ ዐይን መልሰን እንያቸው። ከፍ ባለ ስፍራ ትከል የሚለው ሕግ ለእርሱ አይሆንም፤ ከፍ ያለ ስፍራ ይታያል፤ ስለዚህ ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ያድራል። ከገደል ሥር ራቅ የሚለውም አይሆንም፤ ገደሉ ከለላው ነውና። ለነፋስ ክፈት ቢሉት፣ እሳትም ሆነ ብርሃን እንዳይታይበት ተሸፍኖ መተኛቱን ይመርጣል። ያለህበትን ሰው ይወቅ ቢሉትም፣ ያለበትን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው። ቀይ ድንኳን ሰው እንዲያየው ይሠራል፤ የእርሱ ላስቲክ ግን ሰው እንዳያየው ይፈለጋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከዚህ የሚወጣ ነው። ልጆቻችን ሆይ፣ በዓለም ላይ ያለ እጅግ ጥሩ ድንኳን ቢሰጣችሁ በዚያ መንገድ አይጠቅማችሁም። ድንኳን የሚጠብቀው ሊታይ የሚችልን ሰው ነው። ከብርድ ያድናል፤ ከዝናብ ያድናል፤ ከጥይትና ከደላላ ግን አያድንም። ጨርቁ ቢከብድ ወይም ቢቀልል፣ 1,500 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወይም 3,000፣ ለዚህ ጥያቄ ለውጥ የለውም።

ይህንም የምንለው ለማስፈራራት አይደለም፤ የሆነውን ስለምናውቅ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ገደማ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተደርጎ፣ በሰሜን የመን የሁቲ ኃይሎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሳዑዲ ድንበር አባረሯቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በዚያው ዓመት ነሐሴ ባወጣው ዘገባ፣ ከወዲያ እየተተኮሰባቸው ሲሸሹ ከወዲህ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች እንደተኮሱባቸውና በብዙ ዐሥር የሚቆጠሩ እንደ ሞቱ፣ የተረፉትም በዳየርና በጂዛን እስር ቤቶች መታጎራቸውን ጽፏል። ይኸው ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ዘገባ አወጣ፤ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ ድንበር ጠባቂዎቹ በስደተኞቹ ላይ ከባድ መሣሪያ እንደተኮሱና ቢያንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንደ ተገደሉ መሰከረ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎ አስተባብሏል። ከዚያም አስቀድሞ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 160,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ መባረራቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተሻግሮ መድረስም የመንገዱ ፍጻሜ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በረከት ሊቀበሉ የሚመጡትን ወጣቶች እንመልሳቸዋለን ወይ? አንመልሳቸውም። መስቀል እናሳልማቸዋለን፤ ጠበሉንም አንከለክላቸውም። ነገር ግን በረከት የሕይወት እንጂ የመንገዱ ማጽደቂያ እንዳልሆነ ፊት ለፊት እንነግራቸዋለን። ለመሄድ የቆረጠ ሰው በሕግ በታወቀው በር፣ በታወቀ ውል ይሂድ፤ በዚያ በር የሚገባ ሰው የሚደበቅበት ላስቲክ አያስፈልገውም።

ከጂዛን ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ በዚያው ድንበር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ስሟ የከበረ ከተማ አለች፤ ናግራን ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 ገደማ፣ መጻሕፍቶቻችን ፊንሐስ የሚሉት ንጉሥ የናግራንን ክርስቲያኖች በእሳትና በሰይፍ ፈጃቸው፤ ቅዱስ ኂሩትም ከእነርሱ ጋር ሰማዕት ሆነ። የአክሱሙ ንጉሥ አፄ ካሌብ ይህን በሰማ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ሊረዳቸው አሰበ፤ ነገር ግን ከመዝመቱ አስቀድሞ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደ። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆነው ይህ አባት ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ይባላል። ጾማዕት የመናኝ ጠባብ ማደሪያ ናት። በዚያች ማደሪያ 45 ዓመት ቆሞ እንደ ጸለየ ገድሉ ይናገራል። ከድንኳን ሁሉ ይልቅ የአንድ ሰው ማደሪያ ብትኖር ያች ናት። ሆኖም የናግራን ጩኸት ገብቶባታል፤ ንጉሡም ከዚያች ጾማዕት ጸሎትና ምክር ተቀብሎ ወጥቷል። በኋላም ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በዚያው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነነ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ጦርን ለማወደስ አይደለም። በዚያን ዘመን በድንበሩ የሚጮኸው የባዕድ አገር ክርስቲያን ነበረ፤ የእኛ አባቶች ከበአታቸው ሰሙት። ዛሬ በዚያው ድንበር የሚጮኸው የእኛ ልጅ ነው። በበአታችን ተቀምጠን ባንሰማው፣ ብቸኝነታችን ምናኔ መሆኑ ይቀርና መደበቅ ይሆናል።

ስለዚህ ለመነኮሳትና ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ልጇ በጂዛን መንገድ ጠፍቶባት፣ ሞተ የሚላትም ኖረ የሚላትም ያጣች እናት ወደ ገዳም ትመጣለች። የምትጠይቀው አንድ ነው፤ «ስሙን ከማን ጋር ትጠሩልኛላችሁ?» ከሙታን ጋር ከተጠራ በገዛ አፏ የቀበረችው ይመስላታል፤ ከሕያዋን ጋር ከተጠራ ፍትሐት ያስቀረችበት ይመስላታል። የእድሩ ድንኳን ይተከል እንዳትል አስከሬን የለም፤ አይተከል እንዳትል ጎረቤቱ ሁሉ በልቡ አልቅሷል። እኛ የምንመክረው፣ ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ስሙ ከመንገደኞች ጋር እንዲጠራ ነው። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ በባሕርና በየብስ ስለሚጓዙት እንድንጸልይ ሲያሳስበን ያ ልጅ በዚያ ውስጥ አለ። እናቲቱ ይህን ስታውቅ፣ በዚያች ሰዓት ልጇ ያለ ጥላ አልቀረም ብላ ትጽናናለች። ሞቱ በምስክር ከታወቀ ግን አስከሬኑ ባይመጣም ፍትሐቱ አይቅር፤ የንስሐ አባቷም ከጎኗ ይቁሙ። ይህን የምትጠይቀውን እናት በደጀ ሰላም አቁሞ ማመላለስ አይገባም።

ከዚያ መንገድ የተመለሱትም በመካከላችን አሉ። አንዳንዶቹ በጣሪያ ሥር መተኛት እንደሚከብዳቸው፣ ኮሽታ በሰሙ ቁጥር እንደሚነሡ እናውቃለን። እንዲህ ያለው ሰው በግቢያችን ዳር ድንኳኑን ተክሎ ብቻውን ቢያድር «ከሰው የተለየ» ብላችሁ አትፍረዱበት። ወደ ማረፊያው ግባ ብላችሁም አታስጨንቁት። ከምሽት ጸሎት በኋላ በድንኳኑ ደጅ ቆም ብላችሁ ደኅና እደር በሉት፤ ጠዋትም ቀድሳችሁ ስትወጡ እንዴት አደርህ በሉት። ያለበትን የሚያውቅ ሰው ይኑረው፤ አራተኛው ሕግ ይህ ነውና።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። የግል ድንኳን ይዞ ወደ ንግሥ መምጣት ነውር አይደለም። እንዲያውም ማረፊያው በሚጠብበት ቀን ለሌላው ቦታ ይለቅቃል። ሥርዓቱ ግን የሚከተለው ይሁን። ድንኳናችሁን ከመካነ መቃብሩና ከጠበሉ መውረጃ አርቃችሁ፣ ከፍ ባለው ሜዳ ላይ ትከሉ። ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶች በሴቶች ወገን ይሁኑ። በድንኳን ውስጥ ጧፍ ከቶ አይለኮስ፤ ናይለን በእሳት ሲነካ ቀልጦ በሰውነት ላይ ይጣበቃል። ከሰልም ሆነ ምድጃ ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ የተዘጋ ድንኳን ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለብርሃን በባትሪ የሚሠራ መብራት ይበቃል። ካስማችሁን ስትነቅሉ ቀዳዳውን ድፈኑ፤ ላስቲክና ፌስታል አትጣሉ፤ የገዳሙ ከብቶች ይበሉትና ይታመማሉ።

ከሁሉም በላይ ይህን ልብ በሉ። አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ መንገደኛ ይጠብቅ ነበር፤ በቀትር ፀሐይ እንኳ ወደ ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን አልዘጋም። በዚህም ሥላሴን ለማስተናገድ በቃ። በዝናብ ሌሊት አጠገባችሁ ሕፃን የታቀፈች እናት ወይም የደከመ ሽማግሌ በሜዳ ላይ ካያችሁ ድንኳኑን ልቀቁላቸው፤ እናንተ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ታድራላችሁ። አሮጌ ድንኳን ያለው ሰውም አይጣለው፤ ጠግኖ ለእንግዳ ማረፊያው ይስጥ፤ ያለ መጠለያ ለሚመጣ መንገደኛ ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ይኖር እንደ ነበር አትርሱ፤ መርፌ መያዝ ለሐዋርያ አልከበደውምና ለእኛም አይከብደንም።

የአባቶቻችን አምላክ በየብስና በባሕር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። በጂዛን ተራሮች የወደቁትን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እናቶቻቸውን ያጽናናልን። ለመሄድ ያሰቡትን መክሮ ይመልስልን፤ በተመለሱት ልብ ሰላሙን ያኑርልን። ለንግሥ በሰላም ያገናኘን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።